ሠረቀብርሃን እና ያልተማለበት ዕድሜው

አባቶቼ ካህናት፣ ቡራኬያችሁ ይድረሰኝ። እናቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ ከደብረ ብርሃን፣ ከጫጫ፣ ከደነባ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣችሁ መምህራንና ተማሪዎች፣ ድካማችሁን እግዚአብሔር ይቁጠርላችሁ።

ጣሰው እባላለሁ። አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። የማታውቁኝም ድምፄን ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ደብረ ብርሃን የኢንሹራንስ ወኪል ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። የቀረውን ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት፣ አስተማሪዬም እንደምታዩት ቁጡ ነበር። ቅድም አባ በጆሮዬ «አሳጥረው» ብለውኛል። የዩኒቨርሲቲው ዲንም «አቶ ጣሰው፣ ጊዜ የለም» ብለውኛል። ለአባ እታዘዛለሁ።

አሁን የተነበበውን የሕይወት ታሪክ ሰምታችኋል። በጥሩ ድምፅ ነው የተነበበው። «ዶክተር ሠረቀብርሃን ገብረአማኑኤል በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት በአንኮበር ተወለዱ» ይላል። ያነበበው ልጅ ጥፋት የለበትም፣ የሰጡትን ነው ያነበበው። ግን ልክ አይደለም። በዚያ ዓመት አልተወለደም። ይሄ ሳይነገር አፈር ከለበሰ እኔ ቤቴ ገብቼ አልተኛም።

እንዴት አወቅክ በሉኝ። እሱ ቢሆን መጀመሪያ የሚለኝ ይሄንኑ ነው። «እንዴት አወቅክ?» ሰው ሁሉ ላይ የሚወረውራት ጥያቄ ነች። ተማሪዎቹ ላይ፣ ዲኑ ላይ፣ እኔ ላይ። አንድ ቀን ጫጫ ላይ የሚኒባስ ረዳት «ቦታ አለ፣ ግቡ» ሲለን እሱም ላይ።

እንዴት እንዳወቅኩ ልንገራችሁ። ሠረቀ ክርስትና ሲነሳ እኔ በእግሬ ሄጃለሁ። እናቴ እጄን ይዛኝ፣ በገዛ እግሬ። ታላቅ እህቱ እትዬ ወለተሐና እዚህ አሉ፣ ምስክሬ ናቸው። እኔ ታላቁ ነኝ። ትምህርት ቤት ስንመዘገብ አባቱ መሪጌታ ገብረአማኑኤል እኔንም እሱንም አብረው ወሰዱን። ያኔ የልደት ምስክር ወረቀት የሚባል ነገር የለም። ዲሬክተሩ የሚያደርገውን ታላላቆቼ ታውቃላችሁ። ቀኝ እጅህን በጭንቅላትህ ላይ አሳልፍና ግራ ጆሮህን ንካ። ከነካህ ሰባት ዓመት ሞልቶሃል፣ ግባ። ካልነካህ፣ ሂድና እደግ።

የሠረቀን እጅ ታስታውሳላችሁ። መቋሚያ የሚያክል እጅ። ጆሮውን ነካ ብቻ? ጨመደደው እንጂ። ሰባት ዓመት ተብሎ ተጻፈ። እኔ ደግሞ አጭር ነኝ፣ ያኔም አጭር ነበርኩ። ጣቴ ጆሮዬ ላይ ሳይደርስ ቀረ። ሂድና እደግ ተባልኩ። በዓመቱ ስመለስ ሰባት ዓመት ተባልኩ። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ በመንግሥት ወረቀት ሠረቀ ታላቄ ነው። ክርስትናው ላይ በእግሬ የሄድኩለት ሰው፣ ታላቄ። በዚህ አገር የሚያናድደኝ ነገር ብዙ ነው፣ የመጀመሪያው ግን ይሄ ነው።

ሳቁ፣ ሳቁ። እሱም ይስቅ ነበር። መቃብር ላይ ሳቅ ነውር ነው የምትሉ አላችሁ። እኔ ዛሬ ለማልቀስ አልመጣሁም። እፎይ ብዬ ነው የመጣሁት። ጓደኛው ሞቶበት እፎይ የሚል ሰው አለ ወይ ትሉኛላችሁ። አለ። ምን ስንፈራ እንደከረምን ስለማታውቁ ነው። ልንገራችሁና ከዚያ ፍረዱ።

ሠረቀ የተማረው ነገር አክቹዋሪያል ሳይንስ ይባላል። ስሙ ያስፈራል፣ ነገሩ ቀላል ነው። ሰው መቼ እንደሚታመም፣ መቼ እንደሚጦር፣ መቼ እንደሚሞት ብዙ ሕዝብ ላይ አይቶ በሂሳብ መገመት ነው። ኢንሹራንስ የሚቆመው በዚያ ነው። ጡረታ የሚቆመው በዚያ ነው። ውጭ አገር ተምሮ ዶክተር ሆኖ ሲመለስ እዚሁ አንኮበር ምን ተባለ? የመሪጌታ ልጅ የሰው መሞቻ ያሰላል ተባለ። አንዲት እናት መንገድ ላይ ሲያገኙት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ይጎትቱ ነበር፣ አይቶ እንዳይገምታቸው። መሪጌታ ራሳቸው ሳይቀሩ አስጠርተው ጠየቁት። ልጄ፣ የእግዚአብሔርን ሥራ ነው ወይ የምትሠራው አሉት።

«አባባ፣ እሱ አንድ አንዳችንን ያውቃል። እኔ አሥር ሺህ ሰው በጅምላ ነው የምገምተው። ስለ አንዱ ምንም አላውቅም» አላቸው።

መሪጌታ አሰቡበት። «እንግዲያው ወሰን አላለፍክም» አሉና ባረኩት።

አንኮበር በአንድ ቀን ገባው። ዩኒቨርሲቲው እስከ መጨረሻው አልገባውም።

የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም። መቃብር ላይ ቆሜ ስም አልጠራም። መጀመሪያ ይሄ አካውንቲንግ ነው ብለው ወደ አካውንቲንግ ላኩት። አካውንቲንጎቹ ይሄ ሂሳብ ነው ብለው መለሱት። ሂሳቦቹ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ቢሮ ሰጡት፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጋር። የማዕረግ ዕድገት ሲጠይቅ ሥራህን የሚመዝኑ የዘርፉ ሰዎች አምጣ አሉት። ከየት ያምጣ? የዘርፉ ሰው እሱ ነው። ብቻውን መሆኑ ጥፋቱ ሆነ። ያስተማራቸው ልጆች ባንክ ገቡ፣ ኢንሹራንስ ገቡ፣ መኪና ይዘው መጥተው «ዶክተር፣ እርስዎ እዚህ ምን ያደርጋሉ?» ይሉታል። አንድ ኩባንያ ደጋግሞ ጠራው። እኔም ሂድ አልኩት። እኔ ከሄድኩ ማን ያስተምራል አለኝ። ሌላ ሰው ይመጣል አልኩት። እንዴት አወቅክ አለኝ።

አላወቅኩም ነበር። ማንም አልመጣም።

እዚያ ጋ የአበባ ጉንጉን አያለሁ። ያምራል። ሪባኑ ላይ «ፕሮፌሰር ሠረቀብርሃን» ይላል። በቁሙ የከለከላችሁትን በሪባን ሰጣችሁት? ረዳት ፕሮፌሰር ነው። ረዳት ፕሮፌሰር ሆኖ ጡረታ ወጣ፣ ረዳት ፕሮፌሰር ሆኖ ሞተ። ያልሰጣችሁትን አታሸክሙት። አባ፣ አይዩኝ፣ እያሳጠርኩ ነው።

ከዚያ ፋና መጣች። ያቻትና፣ ከእትዬ ወለተሐና ጎን የቆመችው። የደነባ ልጅ ነች፣ አባቷ ከበግ ጠጉር ባና የሚሠሩ ሸማኔ ናቸው። ለዶክትሬት የያዘችው ጥያቄ ይሄ ነው። ዕድሜውን በትክክል የማያውቅ ሕዝብ ጡረታውና ኢንሹራንሱ በምን ይሰላል? እስቲ ገበሬውን ዕድሜህ ስንት ነው በሉት። ሃምሳ ይላችኋል። ስድሳ ይላችኋል። ሃምሳ ሰባት ያለ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሁላችንም አምስትና አሥር ላይ ተሰብስበን ነው የምናረጀው። እዚያ ላይ የቆመ ስሌት ደግሞ ይዘማል። ፋና የተነሳችው ያንን ለማቃናት ነው። አማካሪዋ ሠረቀ ነበር። እሷ ስትጨርስ ቦታውን ትረከባለች፣ ትምህርቱ አይዘጋም። ሐሳቡ ይሄ ነበር። ሚስት አላገባም፣ ልጅ አልወለደም፣ ቤት አልሠራም። ሌላ ሐሳብ አልነበረውም።

ልጅቱ ግማሽ መንገድ ላይ እያለች ሠረቀ ስድሳ ሞላው። በወረቀት። አንድ ጆሮ በልጅነቱ ስለነካ። ይራዘምልኝ ብሎ ጠየቀ፣ ማራዘሚያ ለፕሮፌሰር ነው አሉት። አማካሪነቱም አብሮ ይቀራል አሉት። ፋና አዲስ አማካሪ ትያዝ፣ አማካሪው ጉዳዩን ካላወቀው ርዕሷን ትቀይር። ከዜሮ ትጀምር ማለት ነው። በዚህ መሃል ጉበቱ ታመመ። ሐኪሙ ለሱ ሲነግረው እኔ አጠገቡ ነበርኩ። መድኃኒቱን አልጠየቀም። ልጅቱ እስክትጨርስ እቆያለሁ ወይ ነው ያለው።

ፍርሃታችን እንግዲህ ይሄ ነበር። እሱ ቀድሞ ይሄዳል፣ ልጅቱ መሃል ላይ ትቀራለች፣ ቢሮው ለፎቶ ኮፒው ይለቀቃል። እሱ ይሄን እያሰበ እንቅልፍ አጣ። እኔም እሱን እያየሁ አጣሁ።

ሰው ሀብት ክፍል ያለች አንዲት ደግ ሴት የዕድሜ ማስረጃ ቢያመጡ ሊታይልዎት ይችላል አለችው። ነገረኝ። ለኔ ይሄን መንገር ለእሳት ጭድ ማቀበል ነው። በማግስቱ ሦስት ሽማግሌ አዘጋጀሁ። ጋሽ ወልደኪዳን እዚህ አሉ፣ ጋሼ፣ አይደበቁ። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ቢሮዬ ውስጥ ተደርድረው ተቀመጡ። ፍርድ ቤት ቀርበው ሊምሉ ነው። ሠረቀን ጠራሁት። ገባ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው፣ ተቀመጠ። ጋሽ ወልደኪዳንን በየትኛው ዓመት ነው የተወለድኩት አላቸው። ጋሼ ዓመቱን ጠቀሱ። እንዴት አወቁ አላቸው። ጋሼ ዞር ብለው አዩኝ። እንግዲህ እውነተኛ ሰው ናቸው።

«ጣሰው ነገረን» አሉ።

ሽማግሌዎቹን በክብር ሸኛቸው። እኔ ግን ጮህኩ። እንዴት አልጮህ? ውሸት አይደለም እኮ። ታናሼ ነህ፣ ታናሼ መሆንህን ታውቃለህ አልኩት። የመለሰልኝን ቃል በቃል ልንገራችሁ።

«ታናሽህ መሆኔን አውቃለሁ። በስንት እንደሆነ አላውቅም። ፍርድ ቤት የሚጠይቀኝ በስንት እንደሆነ ነው።»

እትዬ ወለተሐናን ጠይቅ አልኩት። ለካ ጠይቋቸዋል። ገብስ ሲታጨድ ነው የተወለድከው ብለውታል። የየትኛው ዓመት ገብስ ቢላቸው የከብት በሽታ የገባ ዓመት፣ አለዚያም ከዚያ በኋላ ብለውታል። አንዷን መርጠህ ጻፍ አልኩት። «የማታውቂውን ቁጥር አትጻፊ እያልኩ ነው ልጅቱን የማስተምራት። እኔ ምዬ ካተረፍኳት ምኗን አስተማርኳት?» አለኝ።

እኔ ዛሬም አልተስማማሁም። መማል ነበረበት። የመንግሥት ወረቀት በአንድ ጆሮ ሲዋሽበት ኖሮ፣ እሱ በሦስት ሽማግሌ እውነቱን ቢጠጋ ምን ነበር? ይሄን አስከሬኑ ፊት እላለሁ። ሌላ ነገር ብል ራሱ አያምነኝም።

ታዲያ ምን አደረገ? ስሙን ተወ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ አንድ ፕሮፌሰር ፈልጎ «ርዕሷን ሳትነካ ተረከባት፣ ማማከሩ ያንተ ይሁን፣ ስምህም ይጻፍ፣ እኔ እንደ ማንም ሰው ከጎን አስረዳታለሁ» አለው። ሰውየው አፈረ። ይሄ ያንተ ልፋት ነው፣ አልችልም አለ። ሠረቀ ለመነው። ሠረቀ ለራሱ ማዕረግ አንድ ሰው ለምኖ አያውቅም። ለሷ ለመነ። ዛሬ የፋናን ጥናት ብትከፍቱ አማካሪ በሚለው ቦታ ላይ የሱ ስም የለም። እኔን ያንገበግበኛል። እሱን አላንገበገበውም።

ከዚያ ደብረ ብርሃን እኔ ጋ መጣ። የቢሮዬን የጓሮ በር ጥቁር ቀለም ቀባነውና ሰሌዳ ሆነ። ፋና ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ትመጣለች። ብርዱን ታውቁታላችሁ። እሱ ጋቢውን ተከናንቦ ወንበር ላይ፣ እሷ ጠመኔ ይዛ በሩ ላይ። ሽንት ቤት ልሂድ ያለ ደንበኛ በሩን ሲከፍት ግማሽ ላይ የደረሰውን ስሌት ከበሩ ጋር ይዞት ይሄዳል። እሷ ትስቃለች፣ እሱ ይጮሃል። «ሰውዬ፣ ዝጋው፣ ስሌት መሃል ነው ያለነው!» ይላል። በኋላ በኋላ ደንበኛ በሩን ሲከፍት ዝም ማለት ጀመረ። መጮህ አቃተው። ያኔ ነው የፈራሁት።

ባለፈው ወር ጥናቷን ፈታኞች ፊት ቀርባ የምትከላከልበት ቀን ደረሰ። ሐኪሙ ሠረቀን መሄድ አይሆንልህም አለው። ሄደ። እኔው ወሰድኩት። ፊት ለፊት ስም የተለጠፈባቸው ወንበሮች አሉ። የሱ ስም የለም። እንደ ማንኛውም ታዳሚ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ፈታኞቹ ይጠይቃሉ፣ ፋና ትመልሳለች። እኔ አንድ ቃል አልገባኝም። ግን ሰው ሲያምንና ሲጠራጠር ፊቱን አይቼ አውቃለሁ፣ እንጀራዬ ነው። እያመኗት ነበር። ሊያልቅ ነው። ሰብሳቢው ለወጉ ያህል ከታዳሚ ጥያቄ ያለው አለ ወይ አለ።

ሠረቀ እጁን አወጣ።

በክርኔ ጎሸምኩት። አልሰማኝም። የፊቱን ወንበር ደገፍ ብሎ ተነሳ። ያን ሁሉ ዓመት አንቺ ሲላት የኖረችውን ልጅ፣ ያን ቀን እርስዎ አላት።

«እጩ ዶክተር፣ ቆላ ያለው ሰው ዕድሜውን የሚስተው እንደ ደጋው ሰው ካልሆነ፣ ስሌትዎ ይቆማል ወይ?»

ፈታኞቹ ያላዩት ቀዳዳ ነው። አንዱ ፈታኝ እስክሪብቶውን አነሳ። እኔ በሆዴ ምን አልኩ? ጨካኝ አልኩት። ስምህን ሰጥተህ፣ ጤናህን ሰጥተህ፣ እዚህ ድረስ ተሸክመሃት መጥተህ፣ አሁን በገዛ እጅህ ልትጥላት ነው ወይ?

ፋና ቀና ብላ አየችው። ልብ በሉ፣ አንድ ነገር ቀባጥራ ብታልፈው ማንም አይይዛትም ነበር።

«አላውቅም» አለች። «እኔ የሰበሰብኩት ደጋ ላይ ነው። ስሌቴ የሚቆመው እዚያ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ እንደማላውቅ ጽፌዋለሁ።»

ጨርሻለሁ አለና ተቀመጠ። እጁን ያዝኩት። «ደርሳለች» አለኝ። ፈታኙ እስክሪብቶውን መልሶ አስቀመጠው።

አለፈች። ዶክተር ፋና ተባለች። ብዙ ሳይቆይም ያው ዩኒቨርሲቲ በሠረቀ ቦታ ቀጠራት። ዲኑ፣ ይሄን እመሰክርልዎታለሁ፣ የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ለዚህ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቀረውን ከቀብሩ በኋላ እንነጋገራለን።

ያን ቀን ስንመለስ ጫጫ ላይ ሻይ ልግዛለት ብዬ መኪናውን አቆምኩ። ዞሬ ሳየው አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። ስንት ወር እንቅልፍ ያጣ ሰው። መስኮቱን ዘጋሁለትና ሻዬን ብቻዬን ቆሜ ጠጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሠረቀ ሲፈራ አላየሁትም። ሕመሙ ነበር፣ ፍርሃቱ ግን አልነበረም። ወደ አንኮበር፣ ወደ እህቱ ቤት መጣ። ትናንት እትዬ ወለተሐና እጁን እንደያዙት አረፈ።

አሁን ፍረዱኝ። ከአንድ ወር በፊት ሞቶ ቢሆን ዛሬ እዚህ ቆሜ ምን እላችሁ ነበር? ምን ብዬ ነበር የምሸኘው? ምን ብላ ነበር ፋና እዚህ የምትቆመው? አስቡት። ዓይኔ ያለቅሳል፣ አልዋሽም። ደረቴ ግን ቀሎኛል። እፎይ ያልኩት ለዚህ ነው። እናንተም እፎይ በሉ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ዛሬ ጠዋት ፋና ወደኔ መጣች። «ጋሽ ጣሰው፣ ነገ ሰኞ የመጀመሪያው ክፍሌ ነው። ልሰርዘው ወይ?» አለችኝ። ሠልስቱ ሳይወጣ እንዴት ትሄዳለች የምትሉ አላችሁ፣ ስትንሾካሾኩ ሰምቻችኋለሁ። ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ። እትዬ ወለተሐናም ሂጂ ብለዋታል፤ ሐሜቱን ለኛ ተዉት፣ እንችለዋለን። ከአዲስ አበባ ያመጣችሁ አውቶቡስ መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ተማሪዎቹም አብረዋት ይመለሳሉ።

ሠረቀ። ወንድሜ። ሌላው ሁሉ ዶክተር ይልሃል፣ እኔ ስምህን ልጥራህ። ሲያንገላቱህ አልተሳደብክም፣ እኔ ተሳድቤልሃለሁ። ሲያምህ አላማረርክም፣ እኔ አማርሬልሃለሁ። አሁን እኔም ደከመኝ፣ ዝም ልል ነው። ልጅቱ ትሄዳለች። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለው ቢሮ ነገ ጠዋት ይከፈታል፣ ልጆቹ ይገባሉ፣ የሚያስተምራቸው ሰው ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ያንተ ተራ አይደለም። መነሳት የለብህም።

ተኛ ሠረቀ። ደህና ሁን።